የአሰብ ቀበቶ በጣና ውኃ

ውኃ ውስጥ ገብቶ ዓሣ ፎቶ ማንሳት ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ መሆኑን እናቴ እስከ ዛሬ አላመነችም። እናንተም ባታምኑ አልቀየምም። ይህን የምጽፈው ወደዚያ ለማይሄዱት ነው። ባሕር ዳር የሄዱትም ቢሆኑ ሐይቁን የሚያዩት ከላይ ነው፤ ደግ አደረጉ፣ ከላይ በጣም ያምራል።

እኔ የአሰብ ልጅ ነኝ። አባቴ ወደቡ ላይ ክሬን ሲነዳ ኖሯል። መንግሥት ሶቪየት ኅብረት ልኮኝ ስለ ዓሣ ተማርኩ፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ አየር ተሸክሞ መጥለቅና ውኃ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ለመድኩ። አዲስ አበባ ያለው መሥሪያ ቤታችን ውኃ የማያስገባ ሳጥን ያለው አንድ ካሜራ ነበረው፤ የሚነካውም ከእኔ በቀር አልነበረም። አዲሱ አለቃችን ካሜራውን አገላብጦ አየና ሳጥኑ ተፈትቶ የአብዮት በዓል ሰልፍ ማንሻ ቢሆን እንደሚሻል ተናገረ። ተለማመጥኩት። በመጨረሻ አንድ ዕድል ሰጠኝ። ጣና ውስጥ ቀረሶ የሚባል ዓሣ አለ፤ እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ከታ እስኪፈለፈልና እስኪጠነክር ትጠብቀዋለች። እሷን አንስቼ ከመጣሁ ካሜራው ይቀርልኛል፤ ባዶ እጄን ከተመለስኩ ሰልፍ ያነሳል።

ሰኞ

ከአዲስ አበባ የተነሳነው ጎህ ሳይቀድ ነው። ሁለቱ የአየር ሲሊንደሮቼ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ከበርበሬ ጆንያና ከአንድ የብረት አልጋ ጋር ታሰሩ። ካሜራውን ግን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ሕፃን አቀፍኩት። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አንድ ሁለቴ አጮልቀው አይተው ልጅ አለመሆኑን ሲረዱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

አባይ ድልድይ ላይ ፍተሻ ነበር። ወጣቱ ወታደር ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሲሊንደሩን አንኳኳና ምን እንደያዘ ጠየቀኝ። አየር ነው አልኩት። ባሕር ዳር አየር የለም ወይ አለኝ። አለ፣ ግን ይህ የታመቀ ነው አልኩ። ማን እንዳመቀው፣ ለምን እንዳመቀው፣ በማን ትእዛዝ እንዳመቀው ጠየቀኝ። በመጨረሻ ቁልፉን ትንሽ ከፍቼ ፊቱ ላይ ለቀቅኩለት። በዚያ በረሃ ሙቀት ላቡን ሲያደርቅለት ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና ሌላኛውንም ክፈቺው አለኝ። በዚህ ዓይነት ለሐይቁ ካሰብኩት አየር የተወሰነው አባይ በረሃ ላይ ቀረ።

ደብረ ማርቆስ ያደርኩበት ሆቴል ባለቤት ደግሞ ሲሊንደሮቹን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ጋዝ ከጠፋ ሰንብቶ ነበርና አንዱን ለምድጃቸው እንድሸጥላቸው ለመኑኝ። አየር ብቻ እንደሆነ ስነግራቸው አዘኑልኝ። ለእኔ እንጂ ለምድጃው አልነበረም ሐዘናቸው፤ ባዶ ዕቃ ከአዲስ አበባ ድረስ ያሸከመኝ ሰው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ ሁለት ብርድ ልብስ ጨመሩልኝ። አሰብ ላይ ሰው ሌሊት አንሶላውን በውኃ ነክሮ ይተኛል፤ እዚህ ደግሞ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤም ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ አደረ።

ማክሰኞ

ባሕር ዳር ከሰዓት በኋላ ገባን። ሊቀበለኝ የነበረው የዓሣ ጉዳይ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነበር። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እስክመለስ ድረስ ስብሰባ ላይ ነበር፤ መልኩን አላውቀውም። ሚስቱ ወይዘሮ አስካለ ግን ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራ ወጥታ በቀጥታ አውቶቡስ ተራ መጣች፤ ከነሲሊንደሬ በጋሪ ጭና ፋሲሎ ሰፈር ያለው ቤቷ ወሰደችኝ። ሆቴል ልያዝ ብላት ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። አልጋዋን ለቀቀችልኝ፤ እሷ ከልጆቿ ጋር መሬት ተኛች። ይህን ሳትነግረኝ ቀርታ በማግስቱ ነው ያወቅኩት።

ከራት በፊት ሐይቁን ልይ ብዬ ወረድኩ። የአሰብ ሰው እንዲህ ያለ ውኃ ሲያይ መጀመሪያ የሚያደርገው መቅመስ ነው። ዳር ላይ ተንበርክኬ በእፍኜ ቀዳሁና ቀመስኩ። አንዲት ቅንጣት ጨው የለውም። እኛ አሰብ ላይ በበርሜል እስኪመጣልን ጠብቀን የምንጠጣው ውኃ ይኸው ሜዳ ሞልቶ ተኝቷል። በጣም ደስ አለኝ። ይህን ቅምሻ ልብ በሉት፤ ምክንያቱም ነገሩ ከምላሴ ወደ ጭንቅላቴ ሳይወጣ ቀርቷል።

ረቡዕ

የመሥሪያ ቤቱ የሞተር ጀልባ ነዳጅ አልነበረውም። አስካለ ለዚህም ሰው ነበራት፤ ጋሽ አድማሱ የሚባሉ ታንኳ ቀዛፊ አገናኘችኝ። ታንኳ የሚሉት ከደንገል ታስሮ የሚሠራ ነው፤ የታሰረ ሣር ላይ እንደመቀመጥ ያለ ነገር ነው፤ ውኃ ከሥር ይገባል፣ ግን አይሰጥምም።

ቀረሶ የት እንደሚገኝ ጋሽ አድማሱን ጠየቅኳቸው። ብዙ አላሰቡም። አንድ ደሴት አለ፣ ገዳም ነው፣ መነኮሳቱ በዙሪያው መረብ ስለማያስጥሉ ዓሣው እንደ ልቡ ይራባል አሉ። ውኃውም ድንጋያማ ስለሆነ ከሌላው ይልቅ ጠራ ይላል። እንግዲያ ነገ እንሂድ አልኳቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«የወንዶች ገዳም ነውኮ ልጄ» አሉ። «ሴት አይረግጠውም።»

እኔ መርገጥ አልፈልግም፣ አጠገቡ ውኃ ውስጥ መግባት ነው የምፈልገው አልኩ። ጋሽ አድማሱ ራሳቸውን አከኩ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው እሳቸው እንዳልሆኑ ነገሩኝና፣ መልስ ወዳለበት ሊወስዱኝ ግን ተስማሙ።

ሐሙስ

የገዳሙን ስም አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል።

ታንኳችን ከመውረጃው ድንጋይ ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ቆመች። እኔ ታንኳዋ ላይ ተቀመጥኩ፤ የገዳሙ አበምኔት አባ ገብረ ኪዳን በመቋሚያቸው ተደግፈው ወረዱና ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸው ደከም ያለ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። ከኋላቸው የገዳሙ መጋቢ አባ ተክሌ ቆሙ። እሳቸው ጨዋታ አይወዱም።

የመጣሁበትን ተናገርኩ። አባ ገብረ ኪዳን እየደጋገሙ አስረጂኝ አሉ፤ ውኃ ውስጥ እንዴት እንደምተነፍስ፣ ካሜራው እንዴት እንደማይርስ። ከዚያ ውኃው የሁሉም ነው፣ ትግባ፣ ምን አለበት አሉ። አባ ተክሌ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በግንቦት ውኃው ሲሸሽ፣ ዛሬ ዓሣው የሚዋኝበት ላይ እኛ ቆመን ጸሎት እናደርሳለን» አሉ። «ድንጋይ ውኃ ስለለበሰ ከገዳምነቱ ይወጣል?»

ይህ ክርክር ለእኔ የሞት የሽረት ጉዳይ ነበር፤ ለእነሱ ግን የድግስ ያህል ነበር። ሌሎች መነኮሳት እየሰሙ እየወረዱ ዳሩን ሞሉት። አንዱ የዛፍ ጥላ ውኃው ላይ ሲወድቅ ጥላው የገዳሙ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሌላው የገዳሙ ዶሮዎች እንኳ አውራ ብቻ እንደሆኑ አስታወሰ። ከመጽሐፍ ጠቅሰው ጠቅሰው፣ ግማሹ በግእዝ ነበርና ስለ እኔ ደግ ይሁን ክፉ የተባለውን ሳላውቅ ብዙ ተባለ። ጋሽ አድማሱ ከታንኳው ጫፍ ተኝተው እንቅልፋቸውን ለጠጡ። በስተመጨረሻ አባ ገብረ ኪዳን መቋሚያቸውን አነሱ።

«ውኃው የእግዚአብሔር ነው፤ ድንጋዩ የገዳሙ ነው» አሉ። «በውኃው ዋኚ። ድንጋዩን ግን በእጅም በእግርም እንዳትነኪ።»

አባ ተክሌ አንድ ነገር ጨመሩ። ከነካሁ ያነሳሁት ፎቶ ከገዳሙ አይወጣም፤ እዚያው ይቀራል። እኔም ሳላንገራግር እሺ አልኩ። አሰብ ላይ ቀኑን ሙሉ በኮራሉ መሃል ስዋኝ ጣቴ አንድ ቅርንጫፍ አይነካም ነበር። መሬት ሳይነኩ መንሳፈፍ የዚህ ሥራ ሀሁ ነው ብዬ አስተማርኳቸው። እንዴት እንደተንቀባረርኩ ሳስበው ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

ዓርብ

አስካለ ለመንገድ በሶ ቋጠረችልኝ። ዓርብ ነውና የጾሙን ሥርዓት አላፈረሰችም፤ እኔ ደግሞ ማለዳ መብላት ስለማልችል ደሴቱ ጋ ስደርስ እበላለሁ ብዬ ይዤው ወጣሁ። ታንኳው ውስጥ ውኃ እንደሚገባ ነግሬያችኋለሁ። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ሐይቁ በሶዬን ራሱ በጥብጦ ራሱ ጠጣው። ጨርቁ ብቻ ቀረኝ።

ለአሰብ ሰው የጣና ውኃ በረዶ ነው። የላስቲክ ልብሴን፣ ራስ ላይ የሚጠለቀውን ጥቁር ላስቲክ፣ መነጽሬን፣ የእግር መቅዘፊያዬን አጠለቅኩ። ጋሽ አድማሱ ራሴ ላይ ያለውን ጥቁር ነገር ሲያዩ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ደበቁ። በመጨረሻ የእርሳስ ክብደት የተሰካበትን ቀበቶዬን ታጠቅኩ። አሰብ ላይ ያለዚህ ቀበቶ መጥለቅ አይቻልም፤ ጨዋማ ውኃ ሰውን ወደ ላይ ይገፋል። ስንት እርሳስ እንደሚያስፈልገኝ በዓመታት ልምድ ለክቼ ያወቅኩት ነው።

ጨው የሌለው ውኃ ሰውን እንደዚያ አይገፋም። ይህን ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ፤ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ሐይቁን ቀምሼ ጨው እንደሌለው ያረጋገጥኩትም እኔው ነኝ። መነኮሳቱ በሙሉ ዳር ወጥተው እያዩኝ፣ የሲሊንደሩን የአየር ቧንቧ በአፌ ነክሼ፣ እንደ ሊቅ እጄን አውለብልቤ፣ ወደ ኋላዬ ወደቅኩ።

እንደ ወፍጮ ድንጋይ ሰመጥኩ። በእጄ ብቀዝፍ፣ በእግሬ ብራገጥ ቁልቁል ነው። በሁለት እግሬ የገዳሙ ግርጌ ላይ ዱብ አልኩ። ጭቃው ቦነነና የሚታይ ነገር ጠፋ። ድሮም ወተት የበዛበት ሻይ ይመስል የነበረው ውኃ ቡና ሆነ። ልረጋጋ ብዬ እጄን ስዘረጋ ትልቅ ድንጋይ ያዝኩ፤ እንዳልወድቅ አጥብቄ አቀፍኩት። በአንድ ጊዜ በእጅም በእግርም ነካሁ ማለት ነው።

ምርጫ ስላልነበረኝ ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ጭቃው ቀስ እያለ ሰከነ። እስቲ ልሞክር ብዬ በቀኝ እጄ ካሜራውን እያነሳሁ፣ አንዴ በርተው የሚቃጠሉትን የፍላሽ አምፖሎቼን አንድ በአንድ አፈነዳሁ፤ አብዛኛው በከንቱ እንደሄደ ይታወቀኝ ነበር። የመጨረሻው አምፖል ሲቀር መጣች። ጉሮሮዋ ያበጠ፣ መዳፍ የምታክል ቀረሶ ከድንጋዩ ጥግ ወጥታ ፊቴ ቆመች። ከአፏ ደጅ የሰሊጥ ፍሬ የሚያካክሉ ልጆች ይዋልላሉ። እኔን አየችና አፏን ከፈት አደረገች፤ ሁሉም ተሽቀዳድመው ገቡ። ከዚያ ዘጋችው። የመጨረሻውን አምፖል አፈነዳሁ። እዚያ ጭቃ ውስጥ፣ በቧንቧው ዙሪያ፣ ብቻዬን ሳቅኩ። በሥራዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መውጣት ግን አቃተኝ። ቀበቶው አስሮኛል። ፈትቼ እዚያው ጣልኩትና እንደ ቡሽ ተስፈንጥሬ ወጣሁ። መጀመሪያ የታየው መቅዘፊያዬ ላይ የተለጠፈው ጭቃ ነው። አባ ተክሌ ድንጋዩ ጫፍ ድረስ መጥተው ጭቃውን ተመለከቱ። የት እንደነበርሽ ጭቃሽ ይናገራል አሉ። ጋሽ አድማሱ ለእኔ ጥብቅና ቆመው ጭቃ የሐይቁ እንጂ የደሴቱ እንዳልሆነ ተከራከሩ። ክርክሩ እንደ ትናንቱ ሊሞቅ ሲል አባ ገብረ ኪዳን ፎቶው ይፍረድ አሉ። እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ ስለነበር አልተናገርኩም። ትንፋሽ ማጠር እንዲህ ጠቅሞኝ አያውቅም።

ቅዳሜ

ፊልሙን ከተማ ውስጥ ወዳለ ፎቶ ቤት ወሰድኩ። ባለቤቱ አቶ ጌታሁን በአካባቢው የታወቀ ሥዕል አሳማሪ ነው፤ ኔጋቲቩ ላይ በቀጭን እርሳስ እየሠራ የሙሽራ ብጉር ያጠፋል፣ የተጣመመ ክራባት ያቃናል። ፊልሙን አጥቦ ሲጨርስ ጠራኝ። መጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ላይ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ነበር፤ ፍላሹ ጭቃውን አብርቶት። አቶ ጌታሁን ሶቪየት አገር መማሬን ነግሬው ነበርና እዚያ የተነሳሽው ነው ወይ፣ በረዶው በዛ አለኝ።

የመጨረሻውን አሳየኝ። አለች። ጥርት ብላ፣ ጉሮሮዋ አብጦ፣ ዓይኗ ወደ እኔ። ሁለት ሦስት ልጆች ገና ሳይገቡ ከአፏ ደጅ ቀርተዋል። አቶ ጌታሁን እርሳሱን አንስቶ አፏ አጠገብ ያለውን ቆሻሻ ሊያጠፋልኝ ሲል እጁን አፈፍ አደረግኩት። ቆሻሻ አይደሉም፣ ልጆቿ ናቸው አልኩ። ከቤቱ ነጠብጣብ ፊቱ ላይ ይዞ የወጣ ደንበኛ የለም ብሎ ተቀየመኝ። ከዚያ የፎቶውን ዳር በጥፍሩ አሳየኝ። ድንጋዩን ጭብጥ አድርጎ የያዘ እጅ ይታያል። የእኔ እጅ።

«ይቺ እጅ ፎቶውን አበላሽታዋለች» አለ። «ልቁረጣት?»

ቁረጣት ለማለት አፌን ከፈትኩ። ፎቶውም ይወጣ ነበር፣ ካሜራውም ይቀርልኝ ነበር፣ ማንም አያውቅም ነበር። ግን ተዋት አልኩት። ለራሴ የነገርኩት ምክንያት እጄ የዓሣዋን መጠን ለማስተያየት ይረዳል የሚል ነው። እውነቱ ግን የአባ ገብረ ኪዳንን የደከመ ዓይን እያየሁ የተቆረጠ ፎቶ መስጠት ስላስፈራኝ ነው። ያን ምሽት አስካለ ጠላ ቀዳችልኝ፤ በማግስቱ ካሜራዬ ሰልፈኛ እንደሚሆን እያሰብኩ አለቀስኩላት። እሷም ባሏ አሁንም ከስብሰባ አልወጣም ነበርና አብራኝ አለቀሰች።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ደረስን። ዛሬም ታንኳዋ ሁለት ክንድ ርቃ ቆመች። ጋሽ አድማሱ ወርደው ፎቶውን ለአባ ገብረ ኪዳን አቀበሉ። ሽማግሌው ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩት፤ አባ ተክሌም በትከሻቸው በኩል አጮለቁ።

«ይህ የደጃችን ድንጋይ ነው» አሉ አባ ተክሌ። «እጂቱስ የማን ናት?»

«የእኔ ናት አባቴ» አልኩ። በእግሬም እንደረገጥኩ፣ ቀበቶዬም እዚያው እንደቀረ ጨመርኩ። ከተጀመረ አይቀር ብዬ ነው።

አባ ተክሌ እንግዲህ ፎቶው ይቀራል በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። አባ ገብረ ኪዳን ግን ዓይናቸውን ከዓሣዋ አልነቀሉም። አፏ ለምን እንዳበጠ ጠየቁኝ። ልጆቿን እንደያዘችበት ነገርኳቸው። እንዲህ አድርጋ እንዴት ትበላለች አሉ። አትበላም፣ ልጆቿ እስኪጠነክሩ ድረስ ትጾማለች፣ አፏንም ለምግብ አትከፍትም አልኳቸው። ሽማግሌው ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ሰማህ ተክሌ?» አሉ። «ከደጃችን ሥር ዝም ብላ የምትጾም መነኩሲት ስትኖር ማናችንም አላወቅንም።»

አባ ገብረ ኪዳን ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ ስትወርጂ አፍሽ ዝግ ነበር?»

«ዝግ ነበር አባቴ፤ ቧንቧውን ነክሼ ነበር።»

«በልተሽ ነበር?»

«አልበላሁም። በሶዬን ሐይቁ ወሰደው።»

አባ ገብረ ኪዳን በጣታቸው ቆጠሩ። «ጾመሻል። አፍሽን ዘግተሻል። ቀበቶሽን፣ የምንኩስና ቅናትሽን፣ እዚህ ገዳም ትተሻል። እንግዲህ የቀረሽ ቆብ ብቻ ነው።»

«ኧረ ቆብስ ነበራት» አሉ ጋሽ አድማሱ ከውኃው ዳር። «እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጥቁር ላስቲክ።»

መጀመሪያ የሳቁት አባ ተክሌ ናቸው። ያን የመሰለ ኮስታራ ሰው ሲስቅ ሌሎቹ ደነገጡ፤ ከዚያ ዳሩ ሁሉ ሳቀ። አባ ገብረ ኪዳን እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ፎቶውን ለጋሽ አድማሱ ሰጡ።

«ስጧትና ፈጥና ትሂድ» አሉ። «ትንሽ ከቆየች ማመንኮሳችን ነው።»

ካሜራው ሰልፍ ሳያነሳ ኖረ። ፎቶዋ አለቃዬ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቀለች፤ ስብሰባ በረዘመ ቁጥር እሷን እያየሁ አፌን እዘጋለሁ። ያን ደሴት ዳግመኛ አላየሁትም፤ ባየውም መግባት አይፈቀድልኝም። ቀበቶዬ ግን እስከ ዛሬ እዚያው ገዳም ነው።